ወይዘሮ ሰርካዲስ ቤት እየፈለጉ አይደለም

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ፣ ደስታውን እንደ ሰረቀው ዕቃ ደብቆ የሚያስገባ አንድ ሰው አይጠፋም። ወገቡን ሲያመው፣ ቧንቧው ሲደፈን፣ አለቃው ሲቆጣው ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ደግ ነገር የመጣለት ቀን ግን በጓሮ በር ነው የሚያስገባው። እዚህ ቴክሳስ፣ በሌክ ሃይላንድስ አፓርትማችን ይሄን ማዕረግ የያዘችው ክብርት ወይዘሮ ሰርካዲስ ናት። እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ከሷ በላይ ሦስተኛ፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው።

ምን አዲስ ነገር አለ ስትባል ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትልካለች። «ምን ይኖራል እቴ፤ እሱ ያውቃል» ትላለች። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ የማናውቀው እኛ ነን።

አንድ ጊዜ ጉንፋን ያዘኝ ብላ ጠፋች። ሾርባ ሠርቼ ብወስድ ልጇ ሚኪያስ በሩን ገርበብ አድርጎ ማሚ ተኝታለች አለኝ። ሾርባውን ግን ተቀበለኝ። ሰንብታ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጸጉሯ አምሮ ተሠርቶ፣ በርበሬ ይዛልኝ መጣች። ለካ አዲስ አበባ ኖራለች።

«ጉንፋኑ ነው ሹሩባ የሠራሽ?» አልኳት።

አየር ለውጪ ተብዬ ነው አለች፣ ሳታፍር።

አዲስ መኪና የገዛች ጊዜ ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ እያደረገች፣ ዞራ በእግሯ ትገባ ነበር። ሴት ልጇ ሐይማኖት ስታረግዝ ወፈረች ተባልን። ውፍረቱ ወንድ ልጅ መሆኑን ያወቅነው ለክርስትናው ስንጠራ ነው። ዓይን ትፈራለች፤ የኔን ዓይን ጨምሮ።

እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነኝ። ኧርቪንግ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስቀይር በኖርኩበት ዘመን ልጄ ኤልዳና ያመጣችውን ማርክ ለማያውቁኝ እንግዶች ሳይቀር እናገር ነበር። ነርስ የሆነች ቀንማ ሊፍት ውስጥ አብሮኝ የቆመ ሁሉ ሰምቷል። ቤት ልትገዛ ስትነሳም ወሬው ከቅዳሴ በፊት ተዳርሷል። ቤት የሚያፈላልግልን ሪልተራችን ታፈሰ ግን ማኪኒ ከተማ ያገኘልንን ቤት ሲያሳየን፣ እማማ፣ የዚህን አድራሻ እንኳ ለማንም እንዳይናገሩ ብሎ አስማለኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ምስጢር ጠበቅሁ።

ቤቱ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ ትልልቅ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ከላይ ተያይዞ የቴክሳስን ፀሐይ አብርዶ ነው የሚያሳልፈው። ከሁሉ በላይ ግን ታች፣ ደረጃ ሳይወጣ የሚገባበት መኝታ ክፍል አለው። ጉልበቴና ደረጃ ከተጣሉ ቆይተዋል። ኤልዳና ስንቱን ቆንጆ ቤት መኝታው ፎቅ ላይ ነው እያለች ትታዋለች፤ ታች መኝታ ያለውን ደግሞ ሌላ ሰው እየቀደመ ወስዶባታል። ይሄ ካመለጠን የአፓርትማውን ኪራይ ውል፣ ሊዙን እናድሳለን አለችኝ። ሊዝ ማደስ ማለት ሌላ ዓመት ሦስተኛ ፎቅ ማለት ነው።

ቅዳሜ ደግመን ልናየው ሄድን። ማድ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን የፍሪጁን ቦታ በስንዝር ትለካለች። ስንዝሩን አወቅሁት።

«ሰርኬ?»

ዞረች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ውይ፣ እናንተ ናችሁ? በዚህ ስናልፍ ሚኪያስን ሽንት ይዞት ነው።»

ሚኪያስ ፂሙ መሸበት የጀመረ የትራክ ሾፌር ነው። «ኖ፣ ማሚ...» ሊል ሲል ክንዱን ቆነጠጠችው። «የስ፣ እትዬ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ሽንት።»

ተሳስመን ተለያየን።

ከሰዓት ታፈሰ ደወለ። ሌላ ገዢ አለ፤ ባለቤቶቹ የመጨረሻ ዋጋችሁን አምጡ ብለዋል። ኤልዳና ከሰጠችው በላይ አቅም የላትም። ስልኩን አስቀምጣ እግሬ ሥር ተቀመጠችና ጉልበቴን ማሸት ያዘች። ሰርኬን ልለምናት አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? እየፈለግሁ ነው ያላለችውን ቤት ተይልኝ ይባላል?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ቆመች። ስለ ሙቀቱ አወራን።

ሰኞ ታፈሰ መልሶ ደወለ፤ ያኛው ገዢ ራሱን አውጥቷል፣ ቤቱ የእናንተ ነው አለ። ኤልዳና አለቀሰች፤ እኔ በረንዳ ወጥቼ እልል አልኩ፣ ሕንፃው ሁሉ እስኪወጣ። ለልጄ ደግሞ እልል ካላልኩ ለማን ልል ነው? ሰርኬም ወጣችና ነገርኳት።

«እሰይ» አለችኝ። «ለመሆኑ ማድ ቤቱ ይሰፋል?»

ዕቃ ስናወጣ ሶፋውን የተሸከመልን ሚኪያስ ነው። ደረጃው መሃል ቆም ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ማሚ እንዳትሰማ። ለቤቱ ያስገባነውን ኦፈር ካንስል ያስደረገችው እሷ ናት። ዋይ፣ ለምን ስላት፣ ‹ደረጃ ስትወጣ የምሰማት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም› አለችኝ።»

የዚያን ዕለት ላመሰግናት በሯን አንኳኳሁ። የምን ቤት ነው የምትይው አለችኝ። እሷ እንደሆነ እዚሁ ተመችቷታል፣ ማን የግቢ ሣር ሲያጭድ ይኖራል። ይሄን ሁሉ እያለችኝ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከዛፎቹ ሥር በእግሬ እሄዳለሁ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ የልጄን ቤት በጣቴ አሳያለሁ። አንድ ማክሰኞ ታዲያ፣ ከኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ የሚሸጥ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ሴት አየሁ። ስታየኝ ከምሰሶው ኋላ ገባች። ምሰሶው ቀጭን ነው፤ ሰርኬ ደግሞ ወፍራም ናት። ዛፍ አይቶ እንደማያውቅ ሰው ቅርንጫፍ ስቆጥር ቆይቼ አለፍኩ። ለእናንተም ዛሬ የማወራው የዚያን ቤት ቁልፍ ስለተቀበለች ነው።

ያን ቀን ቤት ስገባ ኤልዳና እንደ ልማዷ በመንገድ ማንን አገኘሽ አለችኝ።

«ማንንም» አልኳት።

ልጄ ተነስታ መጣችና ግንባሬን ዳሰሰችው፤ ትኩሳት እንዳለኝ ልታይ።