የእማማ ይታይሽ ድምፅ እኔ ጋ አለ ብዬ

ወገኖቼ፣ ይሄን ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት! ለነገሩ ግማሹ የከተማችን የቂርያት ጋት ሰው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስለነበረ ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ተዋረድኩ። በማይክ!

ለማታውቁኝ፦ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው። አዎ፣ እስካሁን። እናቴ ለጎረቤቱ "ልትጨርስ ነው" ማለት ከጀመረች ስለቆየች ጎረቤቶቹም መጠየቁን ትተውታል። የማጠናው በሱዳን በኩል በእግራቸው እዚህ አገር ስለመጡ እናቶቻችን ነው፤ የመንገዱን ነገር ለልጆቻቸው ለምን እንደማይናገሩ።

ከእነሱ አንዷ እማማ ይታይሽ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው እየተመላለስኩ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ስመጣ ደረጃው ላይ ወጥተው ይጠብቁኝ ነበር። በጣም ነበር የምወዳቸው።

ከትናንት በስቲያ አረፉ።

ዛሬ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ልጃቸው ኦርና መጥታ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"ኢማ ሱዳን ሞቶ የቀረ ወንድም ነበራት" አለችኝ፣ እናቷን በዕብራይስጥ እየጠራች። "ስሙን ለእኛ አንድም ቀን አልነገረችንም፤ ስንጠይቃት ታለቅሳለች። ለአንቺ ግን መናገር ጀምሬያለሁ ብላኛለች። ስሙን ካገኘሁት ዛሬ ከእሷ ጋር ይለቀስለት። እስከ ዛሬ ያለቀሰለት የለም።"

"አለ! ሃክላታው፣ ቅጂው፣ ስልኬ ላይ አለ!" አልኳት።

ስሙ ትዝ አላለኝም። ስለ ወንድማቸው እንዳነሱ ግን አስታውሳለሁ። ቅጂውን ገና ቁጭ ብዬ አልሰማሁትም ነበር፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው!

እውነቱን ልንገራችሁ? ኩራት ተሰማኝ። ለቅሶ ላይ ኩራት! ስንት ዓመት የደከምኩበት ነገር በመጨረሻ ለአንድ ሰው ሊጠቅም ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ለብቻዋ፣ በጆሮዋ ባሰማት ምን ነበረበት? አንድ ሽማግሌ "ሁላችንም እንስማት እንጂ" ከማለታቸው ተሽቀዳድሜ ስልኬን ማይኩ አፍ ላይ ደገንኩት።

ሰው ሁሉ ወደ ማይኩ ዞረ። ከፋብሪካ በቀጥታ የመጡት ሳይቀሩ ኮፍያቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን ሰጡ።

ድምፅ ተሰማ።

የኔ!

"እማማ፣ እንግዲህ ከወልቃይት ሲነሱ በጣም ፈርተው ነበር፣ ናኮን? ልክ አይደል?"

"ናኮን ልጄ።"

"ምክንያቱም የምትጓዙት ሌሊት ሌሊት ነው፤ ቀን ጫካ ውስጥ ትደበቃላችሁ። ሽፍታ አለ፣ ውሃ የለም፣ ልጆች ይታመማሉ..."

"እሺ ልጄ።"

እሺ ልጄ! በእግራቸው የመጡበትን መንገድ እኔ እተርክላቸዋለሁ፣ እሳቸው እሺ ይሉኛል!

ወደፊት አሳለፍኩት። እኔ። አሁንም አሳለፍኩት። አሁንም እኔ፣ ስለ ትራውማ እያብራራሁላቸው፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እኛ ቤት ያደገ ያውቀዋል። እናቶቻችን እንግዳ ሲናገር አያቋርጡም። አፍሽን ከከፈትሽ ያቆማሉ፤ እስክትጨርሺ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይጠብቁሻል። እኔ ደግሞ አልጨርስም! ዩኒቨርሲቲ ሰው ካላቋረጥሽ ተራ አይደርስሽም፤ ያንን ጠባይ ይዤ ነው እሳቸው ሳሎን የገባሁት።

በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ጀመሩ። ሳይጠየቁ፣ ቀስ ብለው።

"አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ስሙ..."

ኦርና ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ውይ እማማ፣ ይቅርታ! እሱ ጋ እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ይሄን ጥያቄ እንጨርስ!"

"እሺ ልጄ።"

አልተመለስንም።

እዚያው ቆሜ የቀረውን ሁሉ ፈለግኩ። የለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ኦርና አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ኢማ ስላንቺ ምን ትል እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። "'ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሁሉንም ታውቀዋለች' ነበር የምትለው።"

አስለቃሿ ወንድምየውን ያለ ስም አለቀሰችለት። "የይታይሽ ወንድም፣ የይታይሽ ወንድም" እያለች። ሰው ሁሉ አብሯት አለቀሰ፤ እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ለሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ቤት ስገባ እናቴ ሶፋው ላይ ነበረች። እሷም በዚያው መንገድ ነው የመጣችው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ወደኔ ሳታይ፣

"እኔም እኮ ከአንቺ በፊት አንዲት..." አለች።

"ቆይ ቆይ እማዬ! ስልኬን ላውጣ!"

እናቴ ስልኩን አየችው። እኔን አየችኝ።

"ተይው ልጄ" አለች። "እህል ሳትቀምሺ ነው የዋልሽው፤ ብይ።"

ከእኔ በፊት አንዲት ምን?

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። እኔ ግን ይሄው፣ ለእናንተ እየጻፍኩ ነው። ለእንደኔ ዓይነቷ ዶክትሬት ይሰጣል ትላላችሁ?