እትዬ ውብነሽ ስንተኛው ደረጃ ላይ ናቸው?

«እማዬ፣ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ላይ ማን ነበርሽ?» አለችኝ ልጄ ማርታ።

«የአባቴ ልጅ ነበርኩ፤ ማን ልሁን ታዲያ?» አልኳት።

ራሷን ይዛ ተቀመጠች። መልሴ ለትምህርት ቤት አይሆንም ማለት ነው።

ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ እንደገባኝ ልንገራችሁ። አንድ ምሁር የሰውን ዕድሜ እንደ ፎቅ ቤት በስምንት ደረጃ ከፍሎታል አሉ። ሕፃኑ ማመን ይማራል፣ ከፍ ሲል ይጫወታል፣ ቀጥሎ ተማሪ ቤት ይገባል፣ ጎረምሳው «ማነኝ?» ይላል። ሽማግሌው ወደ ኋላ አይቶ ወይ ያመሰግናል ወይ ይቆጫል። ዕንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄድ የለ? መምህሯ ታዲያ አንድ ታዋቂ ሰው መርጣችሁ ሕይወቱን በየደረጃው አስቀምጡ አለቻቸው። ሌሎቹ ኳስ ተጫዋች መረጡ። የእኔዋ ዘፋኟን እትዬ ውብነሽን መረጠች። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። የማርታ ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪን መጀመሪያ ለወራት ይሞክራል፤ እሷም የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ በዚህ ነጥብ ከወደቀች ከትምህርት ቤቱ መሰናበቷ ነው።

በእኛ ጊዜ ያለ እትዬ ውብነሽ ዘፈን ሠርግ አልነበረም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥተው ጄኔቫ ቀሩ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲተኩሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቅዳሜ እኛ ከምንኖርበት ከዙሪክ በባቡር ሄድንላቸው። ማርታ ሰንጠረዧን ዘርግታ ዕድሜያቸውን ጠየቀች።

«የትኛውን?» አሏት።

የመድረኩ አለ፤ አሥር ዓመት ተቀንሶለታል። የመኖሪያ ወረቀቱ አለ፤ እንደ ስደተኛው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወልደዋል። እናታቸው የነገሯቸው ደግሞ የአንበጣው ዓመት ነው። በዚያ ላይ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ተድረዋል፤ ተማሪ ቤት የገቡት ጄኔቫ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ፈረንሳይኛ ሊማሩ ነው። ጨዋታስ?

«እሱንማ አሁን ጀመርኩት» ብለው ደጃቸው ወዳለው የልጆች መጫወቻ ወሰዱን። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዥዋዥዌው ላይ ወጡ። መሳቅ ነውር፣ ዝም ማለት ጭንቅ።

ማርታ ባለፈው ሕይወታቸው ይቆጩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሌላ ሰው መሆን አምሮኝ አያውቅም ልጄ። ሌላ ጉልበት ቢሰጡኝ ግን እቀበላለሁ» አሏት።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ማርታ ሰንጠረዧን አጠፈችው። «እማዬ፣ አንዱም በቦታው አይገባም። ሌላ ሰው ልፈልግ?»

በልቤ እመቤቴን ጠራሁና «ለሰንጠረዥ ተብሎ ሰው ይቆረጣል እንዴ? እንደሆነው ጻፊው» አልኳት።

ጻፈችው። ክፍሉ ፊት ቆማ «የእሳቸው ፎቅ ከላይ ወደ ታች ነው የተሠራው፤ መሠረቱ መጨረሻ ገባ» አለች። መምህሯ እኚህን ሴት እኔም ባገኛቸው አለቻት። ከስድስት አምስት ተኩልም ሰጠቻት። ግማሿን ለማን አስቀመጠቻት? ሰፈራችን ሽዋመንዲንገን ላሉት ጎረቤቶቼ ስድስት አገኘች ብዬ ነው የነገርኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ማታውን ልጄን እያየሁ ኮራሁ። ኮርቼም አልቀረሁ፣ የራሴን ደረጃ መቁጠር ጀመርኩ። በአምስት ዓመቴ ታናሼን አዝዬ ነበር። መቼ ተጫወትኩ?

በማግስቱ ጠዋት ዋሊሰለን ወዳለው ሥራዬ ስወጣ በሕንጻችን ጀርባ ባለው የልጆች መጫወቻ በኩል ዞርኩ። ዥዋዥዌው ባዶ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ። አማተብኩና ተቀመጥኩ።

ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ።