ባል በስም ብቻ ሲታደል

ሰውን በስሙ ብቻ የሚያዛምድ ጸሐፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መርካቶ፣ በደርግ ጊዜ ገጥሞኛል። የቀበሌያችን ጸሐፊ ስኳር ሊያድል የቤቶቹን መዝገብ ከቤተሰቦቹ መዝገብ ሲያገናኝ፣ ስም ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ባሌ የሞተብኝ ዘነበች፤ አራሷ ጎረቤቴም ዘነበች። ባሏንም ልጆቿንም ከነስኳራቸው ለኔ ጻፋቸዋ!

«ጓድ፣ ለአጥሚቴ እንኳ?» አለች አራሷ።

«ቤተሰብ የለሽም፤ መዝገቡ ነው የሚለው!»

ያቀፈችው ሕፃን እሪ አለ። «ልጄ» አልኩት ጸሐፊውን፣ «ባሏስ ደግ ነው፤ ግን ማንኮራፋቱ በግድግዳ ይሰማኛል። መልስላት!»

ጸሐፊው ሳቀና፣ በቤት ቁጥር እያመሳከረ እንደገና አዛመደ። አራሷ ስኳሯን ተቀበለች።

ከሰልፉ አንዷ ጮኸች፦ «ጓድ፣ የኔን ባል ለሌላ ሴት ጽፈኸው ከሆነ ግን እዚያው ተወው!»