የዶክተር ኢንክስተር ዓሣና የጃጎ ወንድም

አዲስ አገር ፍለጋ የሚወጣ መርከብ ሁሉ አንድ እብድ ጭኖ ይሄዳል፤ ለእብዱም መንግሥት ደመወዝ ይከፍለዋል። ሐኪም ይሉታል። የተቆረጠ ጣትህን ጨብጠህ እየሮጥህ ብትደርስ፣ እሱ የሚያየው ጣትህን ሳይሆን ከትከሻህ ኋላ የምታልፈውን ወፍ ነው። ደምህ ይፈሳል፤ እሱ ግን ወፏን ሊሥል «ቆይ፣ ቆይ» እያለ እርሳሱን ይፈልጋል።

«ፔትረል» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እብድ ዶክተር ማግነስ ኢንክስተር ነበሩ፤ የሼትላንድ ሰው። የመርከበኞቹ አለቃ ጃጎ ትሬምባዝ ደግሞ የኮርንዎል ሰው ነው፤ ሳይቆጣ የዋለበትን ቀን እንደ ሕመም የሚቆጥር። ሐኪሙ ወደ ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር ጃጎ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ይላል። «የዓሣዎች ሁሉ ጳጳስ፣ ብፁዕ አባታችን፣ ይባርኩን!» መርከበኛው በሳቅ ይፈርሳል። ሐኪሙ አይሰሙም፤ ዓይናቸው ባሕሩ ላይ ነው።

ያልበደሉት ሰው አልነበረም። ወጥ ቤቱ ጥርሱን ሊያስነቅል አፉን ከፍቶ በተቀመጠበት፣ የሚያበራ የባሕር ፍጥረት ታየ ተባለና ጉጠቱን እንደያዙ ወጡ። ሲመለሱ ሰውየው አፉን እንደከፈተ ነበር። ቀለም በነካው እጃቸው ነቀሉለት፤ ምላሱ አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ። የመርከበኛውን አረቄም ወስደው እባብና እንሽላሊት ዘፈዘፉበት። ሰው ተጠምቶ እባብ ሰክሮ ዋለ።

ጃጎ ግን ይቅር ያላላቸው በወፏ ነው። ከደረቅ ብስኩትና ከጨው ሥጋ በቀር ምንም ባልነበረበት ሰሞን፣ አንዲት የሰባች የባሕር ወፍ በጥይት ጣለ። ገና ውኃ ሳይጣድ ሐኪሙ ነጠቁት።

«ቀለሙ ይሞታል ጃጎ! ሥጋው ይቆይልሃል፣ ቀለሙ ግን አይጠብቅም።»

በማግስቱ ሲመልሱለት ጃጎ ወፏን አፍንጫቸው ሥር አቀረበላቸው። «ሥጋውም አልጠበቀም ዶክተር። ያሽትቱት።»

ከመርከቡ ሁሉ ሐኪሙን የሚወድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጃጎ ታናሽ ወንድም ፔራን፣ ሸራ ሰፊው። ዓሣውን የሚይዝላቸው፣ ክንፉን የሚዘረጋላቸው እሱ ነው። «ወንድምዓለም፣ እኚህ ሰው እኮ ሲያዩ ነው የሚያዩት» ይለዋል ጃጎን። ጃጎ ይተፋል።

ቲሞር ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጥለው ሳሉ ፔራን አንድ ዓሣ አጠመደ። ሰማያዊ ነው እንዳይባል ወርቅ፣ ወርቅ ነው እንዳይባል እሳት። ሐኪሙ በቀራቸው የመጨረሻ ወረቀት ላይ ሣሉት። ካፒቴኑ ሳይቀር «ይህ ዓሣ ስምዎን በአውሮፓ ሁሉ ያስጠራዋል» አላቸው። ወዲያው ከደሴቲቱ ወንዝ የተቀዳው ውኃ ትኩሳት አመጣና ፔራን ወደቀ።

ሐኪሙ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ደም አስወጡለት፣ የዛፍ ቅርፊት አፍልተው አጠጡት፣ ወዛቸው እየተንጠፈጠፈ አሹት። ጃጎ ያን ሁሉ አየ፤ አመስግኖ ግን አያውቅም። አንድ ጧት ውኃ ይዞ ሲገባ ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ብሩሽ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አትጩህ።»

«ወንድሜ ዓሣ አይደለም!» ኮሌታቸውን ጨምድዶ አነሣቸው። ብሩሹ ወደቀ። ሐኪሙ አልታገሉም።

«መድኃኒቴ አልቋል ጃጎ። የማውቀውም አልቋል። የቀረኝ ይሄ ነው። እናትህ ፊት ምን ይዘህ ልትቆም ነው?»

ከአልጋው ላይ የደከመ ድምፅ መጣ። «ልቀቃቸው ጃጎ። አፍንጫዬን ትንሽ ያሳንሱልኝ ብያቸዋለሁ።»

ጃጎ ለቀቃቸው። ጎንበስ ብሎ ብሩሹን አነሣና በእጃቸው ሰጣቸው።

ፔራን ሳይረፍድ ሞተ። አስከሬን በሸራ ሰፍቶ ለባሕር የሚያዘጋጀው እሱ ራሱ ስለነበር፣ ያን ቀን የሰፋው ጃጎ ነው። ስፌቱ ጠማማ ወጣ። ሥዕሉን ሲያይ የሞተው ሰው ፊት አልነበረም፤ የጤናው ፔራን፣ ሊቀልድ ከንፈሩን የከፈተው ፔራን ነበር። ወረቀቱን ሲገለብጥ ያ ዓሣ አለ። ሌላ ወረቀት አልነበረማ።

«የናትህ ነው፣ ውሰደው» አሉት ሐኪሙ።

እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ወደብ ሲደርሱ ሥዕሎቹን ሁሉ ለመረከብ ሰር ኤድመንድ ፌርሆልም የሚባሉ ሊቅ መጡ፤ ባሕር ወጥተው ስለማያውቁ ባሕር አዙሯቸው የማያውቅ። ካፒቴኑ ስለ ዓሣው አስቀድሞ ጽፎላቸው ነበር።

«ዓሣው የታል?»

«አይጥ በላው» አሉ ሐኪሙ።

«ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ብቻ?»

«ዐዋቂ አይጥ ነበር።»

የሊቁ ፊት ጠቆረ። «የመንግሥት ንብረት ደብቀዋል ማለት ነው። ስምዎ መጽሐፉ ላይ አይወጣም፤ ሁለተኛም ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይታጩም።»

ሥዕሉ ጃጎ ሸሚዝ ውስጥ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ፤ አፉን ከፈተ።

«ጃጎ!» አሉ ሐኪሙ። እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቶ አያውቅም። «ሂድ፣ ገመድህን እይ!»

ሄደ። መጽሐፉ በሰር ኤድመንድ ስም ታተመ፤ ያቺ የሸተተች ወፍ ሳትቀር ገባች። ሐኪሙ አንድ ወደብ ላይ የመርከበኛ ቁስል ሲያጥቡ አረጁ።

ታዲያ ሐኪሙ በየበጋው የጃጎ እናት ቤት ይመጣሉ። ፔራን ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፤ አውሮፓ ያላየው ዓሣ ግድግዳውን እያየ ጢስ ይጠጣል። እንግዳው ሻያቸውንና ኬካቸውን ይዘው ይቁነጠነጣሉ፤ አይለምኑም። አንድ ቀን እናቲቱ፣ እማማ ላቭዴይ፣ ትዕግሥታቸው አለቀና ተነሥተው ሥዕሉን አወረዱ።

«ፔራንዬ፣ አንተ ትንሽ ግድግዳውን እይ። እንግዳችን ከሩቅ ነው የመጡት።»

ገለበጡት። ሐኪሙ መነጽራቸውን አደረጉና ቀረብ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል።

«ክንፉን አበላሽቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አላበላሹም!» ብሎ ጮኸ ጃጎ።

ሁሉም ዞር ብለው አዩት። በዕድሜው ለእኚህ ሰው የተናገረው የመጀመሪያው መልካም ቃል ነበር። ፊቱ ቀላ፤ የሚገባበት አጣ።

«ኬኩን ይብሉት እንጂ፣ ምን ያፈጥጣሉ!» አላቸው።