ካልሲ የዋጠችው ውሻና ያላለቀው ጥናት

(ሂልዲንግ የተባልሁት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ቱሬ ይባላል። ሁለታችንም ጡረተኞች ነን፤ ሁለታችንም አላገባንም፤ ፒቴዮ ከተማ ወላጆቻችን በተዉልን ቤት ከአንዲት ላብራዶር ውሻ ጋር እንኖራለን። ከሁለታችን አዋቂው እኔ ነኝ። ይህን የወሰንኩትም እኔው ነኝ። አሁን የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ መጠበቂያው ጋ ተቀምጠናል። ውሻችን ሊንጎን ውስጥ ገብታ ራጅ እየተነሳች ነው። እኛ እየተከራከርን ነው።)

ሂልዲንግ፦ የግራውን ነው የዋጠችው እልሃለሁ።

ቱሬ፦ ካልሲ ግራና ቀኝ የለውም።

ሂልዲንግ፦ የሱቁ የለውም። አክስታችን ኤባ የምትሠራው ግን አለው። በአውራ ጣቱ በኩል ሰፋ ታደርገዋለች። ቀኙ ይኸው እግሬ ላይ ነው፤ ስለዚህ የተዋጠው ግራው ነው።

ቱሬ፦ (ጎንበስ ብሎ እያየ) ይሄ የኔ ነው።

ሂልዲንግ፦ ያንተ ከሆነ የኔ የት ሄደ?

ቱሬ፦ አንዱን ሊንጎን ውጣዋለች። ሌላውን እኔ አድርጌዋለሁ።

(ጫማውን አውልቆ አሳየኝ። ልክ ነበር። ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራሁት።)

ሂልዲንግ፦ ዋናው ነገር ካልሲው የሱፍ መሆኑ ነው። ሱፍ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ለሐኪሟም አስረድቻታለሁ።

ቱሬ፦ ምን አለችህ?

ሂልዲንግ፦ «እናውቃለን» አለችኝ።

ቱሬ፦ እዚያ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅስ ምን ፈልጋ ነው የጠራችህ?

ሂልዲንግ፦ ውሻዋ ኢንሹራንስ አላት ወይ ብላ ነው።

ቱሬ፦ ምን አልካት?

ሂልዲንግ፦ ጥናቱ አላለቀም አልኳት።

ቱሬ፦ እሷስ?

ሂልዲንግ፦ «የለም» ብላ ጻፈች። ሰው ዛሬ መስማት ትቷል። በ«የለም» እና በ«ጥናቱ አላለቀም» መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ቱሬ፦ እኔ እኮ...

ሂልዲንግ፦ ቆይ፣ ኢንሹራንስ እንዲህ ዳቦ ቤት ገብተህ እንደምትገዛው ዳቦ አይደለም። ቁጭ በል ላስረዳህ።

ቱሬ፦ ተቀምጫለሁ።

ሂልዲንግ፦ መጀመሪያ «ለምን» የሚለውን እንያዝ። አንተ ብትታመም ምን ይሆናል?

ቱሬ፦ ምን እንዳመመኝ አንተ ትነግረኛለህ።

ሂልዲንግ፦ ከዚያ በኋላስ?

ቱሬ፦ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ሐኪሙ ሌላ ነገር ይለኛል።

ሂልዲንግ፦ ክፍያውን ነው የምልህ። ለአንተ መንግሥት ይከፍልልሃል። ለውሻ ግን የሚከፍል የለም። አንድ ቀዶ ጥገና ማለት በለው የጀልባ ሞተር ዋጋ ነው።

ቱሬ፦ ለእሷስ ምነው የማይከፍሉላት?

ሂልዲንግ፦ ውሻ ነቻ።

ቱሬ፦ ግብር ስለማትከፍል ይሆናል።

(ሳላስበው በመስማማት ራሴን ነቀነቅሁ። ቶሎ ብዬ አቆምኩ፤ እሱ ልክ መሆኑን ከለመደ ነገ ቤት ውስጥ መግባባት አንችልም።)

ሂልዲንግ፦ አሁን «እንዴት» ወደሚለው እንለፍ። ሞኝ ሰው የሚያየው በየወሩ የሚከፈለውን ብቻ ነው። አዋቂ ሰው መጀመሪያ ጣሪያውን ያያል።

ቱሬ፦ የማንን ጣሪያ?

ሂልዲንግ፦ የውሉን። በዓመት ከዚህ በላይ አንከፍልም የሚሉት ልክ አለ። እሱ ጣሪያ ይባላል። ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ውል ርካሽ ነው፤ ግን አንድ ከባድ ሕመም ሲመጣ ወዲያው ትነካዋለህ።

ቱሬ፦ ጣሪያ የሌለውስ አለ?

ሂልዲንግ፦ አንድ አለ።

ቱሬ፦ ዝናብ ያስገባል።

ሂልዲንግ፦ ቱሬ፣ ስለ ቤት አይደለም የማወራው።

ቱሬ፦ እሺ፣ ቀጥል።

ሂልዲንግ፦ ቀጥሎ መጀመሪያ ከራስህ ኪስ የምታወጣው አለ። ከዚያም ከቀረው ላይ ደግሞ ከመቶ ይህን ያህሉ ያንተ ነው።

ቱሬ፦ ታዲያ እነሱ ምኑን ይከፍላሉ?

ሂልዲንግ፦ የተረፈውን።

ቱሬ፦ እኛ በልተን ለሊንጎን እንደምንጥልላት ማለት ነው።

ሂልዲንግ፦ ተቃራኒው ነው። ሥጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፤ አጥንቱ ነው ያንተ። በወር የምትከፍለው እንዲቀንስ ከፈለግክ አጥንቱን ታበዛለህ። በእጅህ ትንሽ የተቀመጠ ካለህ እሱ ያዋጣል፤ ከሌለህ አያዋጣም።

ቱሬ፦ ሊንጎን አጥንቱን ብትመርጥ ነው የሚሻላት።

(ጎኔ የተቀመጠች ድመት ያቀፈች ሴትዮ ሳቋን በስካርፏ ሸፈነች። በእሱ የሳቀች መስሎኝ በትዕግሥት ፈገግ አልኩላት።)

ሂልዲንግ፦ ደግሞ የመቆያ ጊዜ አለ። ከፈረምክ በኋላ ጥቂት ሳምንታት እስኪያልፉ ውሻዋ መታመም የለባትም። ብትታመም አይከፍሉም።

ቱሬ፦ እንዳትታመም ማን ይነግራታል?

ሂልዲንግ፦ ማንም አይነግራትም።

ቱሬ፦ ሳይነግሯት በምን ታውቃለች?

ሂልዲንግ፦ ለዚህ ነው ጤነኛ ሳለች፣ በልጅነቷ መግባት ያለባት። ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም። ዕድሜዋ ከገፋ ደግሞ ጭራሽ በሩን ይዘጉባታል። አንድ ቀን ያመለጠህ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል።

ቱሬ፦ ታዲያ በልጅነቷ ያላስገባሃት ለምንድን ነው?

(ይህ ጥያቄ ተገቢ አልነበረም። በተለይ ትክክል ስለነበረ።)

ሂልዲንግ፦ ዘሯን እያጠናሁ ነበር። ላብራዶር ዳሌና ክርን የሚያስቸግረው ዘር ነው። አንዳንዱ ውል መገጣጠሚያን በትንንሹ ጽፎ ያስቀረዋል። አንተ የውሉን ፊት ታያለህ፤ እኔ ጀርባውን አነባለሁ።

ቱሬ፦ እኔም ዳሌዬን ያመኛል።

ሂልዲንግ፦ ስለ አንተ አይደለም።

ቱሬ፦ አባባንም ያመው ነበር። ዘራችን ነው።

ሂልዲንግ፦ ቱሬ።

ቱሬ፦ እሺ። ካልሲ መብላትስ ይሸፈናል?

(ስለ ስኳር በሽታ አጥንቻለሁ። ስለ ጆሮ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ምጥ፣ ውሻዋ በአደን ላይ ሳለች የኤልክ፣ የዚያ የትልቁ አጋዘን፣ ቀንድ ቢወጋት ስለሚሆነው ሁሉ አጥንቻለሁ። ሊንጎን ኤልክ ስታይ ከመኪናው ሥር ነው የምትገባው። እቤታችን ከገባች ጀምሮ ግን ሁለት ጓንት፣ የበር እጀታ መጥረጊያ ጨርቅና የኔን የመነጽር ማሰሪያ በልታለች። ስለ መብላት አላየሁም ነበር።)

ሂልዲንግ፦ እሱ በሚቀጥለው የጥናት ክፍል ውስጥ አለ።

ቱሬ፦ ስንት ድርጅት ነው ያየኸው?

ሂልዲንግ፦ አገር ውስጥ ያሉትን በሙሉ። ከዚያ ለማነጻጸር የኖርዌዮቹን ጨመርኩ።

ቱሬ፦ ሊንጎን ኖርዌይ ሄዳ አታውቅም።

ሂልዲንግ፦ ለማነጻጸር ነው ያልኩህ። ከዚያ ልመርጥ ስል ዋጋ ቀየሩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

(በዚህ መሐል የሐኪሟ ረዳት ብቅ አለች። ካልሲው አንጀቷ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ በራሱ አይወጣም፤ አሁኑኑ መክፈት አለባቸው፤ ትስማማላችሁ ወይ አለችን። ለሁሉም ነገር መልስ የማላጣው ሰውዬ የቱሬን እጅጌ ያዝኩ። «አዎ፣ ክፈቷት» ያላት ቱሬ ነው። በሩ ተዘጋ። ውስጥ የሊንጎን ጭራ ጠረጴዛውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ይሰማ ነበር፤ ሊከፍቷት ለሚዘጋጁት ሰዎች ነው የምትቆላላቸው። ከዚያ ድምፁ ቆመ።)

ቱሬ፦ አደንዝዘዋት ነው። አይዞህ።

ሂልዲንግ፦ አውቃለሁ። ማደንዘዣውን አውቀዋለሁ።

ቱሬ፦ ውሃ ላምጣልህ?

ሂልዲንግ፦ ካልሲውን መሬት ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የግራም ይሁን የቀኝ። ኢንሹራንሱንም ያላስገባኋት እኔ ነኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ የማወራውም እኔ ነኝ።

ቱሬ፦ እሱስ ልክ ነህ።

ሂልዲንግ፦ በበረዶ ላይ የምነዳውን ሞተሬን እሸጠዋለሁ። ነገ ጠዋት ማስታወቂያ አወጣለሁ። ካልበቃ ጀልባውንም ጨምሬ እሸጣለሁ።

ቱሬ፦ ጀልባውን ለምን ትሸጠዋለህ? ድርጅቱ ይከፍል የለ እንዴ?

ሂልዲንግ፦ የቱ ድርጅት?

ቱሬ፦ የሊንጎን ነዋ። ስናመጣት ውሻ አርቢዋ ሴትዮ አስገብታ የሰጠችን።

ሂልዲንግ፦ እሱን እኮ ሰርዘው ብዬህ ነበር። የተሻለ እስክመርጥ ደውለህ አቋርጠው አላልኩህም?

ቱሬ፦ ደወልኩ እኮ።

ሂልዲንግ፦ እና?

ቱሬ፦ አንዲት ልጅ አነሳችው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ከሉሌዮ ናት። ለምንድን ነው የምታቋርጠው አለችኝ። ወንድሜ የተሻለ እያጠና ነው አልኳት። መቼ ይጨርሳል አለችኝ።

ሂልዲንግ፦ ምን አልካት?

ቱሬ፦ እውነቱን ነገርኳት። ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም አልኳት። እንግዲያው እሱ እስኪጨርስ ባለበት ይቆይ ወይ አለችኝ። ይቆይ አልኳት።

(ጎኔ ያለችው ሴትዮ ድመቷን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ጊዜ በማን እንደምትስቅ ገባኝ።)

ሂልዲንግ፦ ማነው ሲከፍል የቆየው?

ቱሬ፦ ከጡረታዬ ላይ ይቆርጡታል።

ሂልዲንግ፦ ቆይ፣ ቆይ። አርቢዋ ያስገባቻት አርማው ሰማያዊ በሆነው ድርጅት ነው። ሰማያዊው በኔ ሠንጠረዥ መጨረሻ የወጣው ነው። ጣሪያውን አይተኸዋል?

ቱሬ፦ አላየሁም።

ሂልዲንግ፦ የማይሸፍነውንስ አንብበሃል?

ቱሬ፦ አላነበብኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

ሂልዲንግ፦ ምን ብለህ?

ቱሬ፦ ይቺ ውሻ ያገኘችውን ሁሉ ትውጣለች፤ ትከፍላላችሁ ወይ አልኳት። አለቃዋን ጠይቃ መጣችና አዎ አለችኝ። እዚያ ጠረጴዛው ጋ ላለችው ልጅም አንተ መኪናውን ስታቆም ነግሬያታለሁ።

ሂልዲንግ፦ ታዲያ እኔን ጠይቃ «የለም» ብላ የጻፈችው ምንድን ነው?

ቱሬ፦ የኢንሹራንሱን ከኔ ቀድማ ጽፋለች፤ አንተን የጠየቀችህ ለማረጋገጥ ነው። «ወንድምህ ስለ ሱፍ የሚጨምረው ነገር አለው ወይ?» ብላኝ ነበር፤ ያ «የለም» ለእሱ ይመስለኛል።

(ብዙ ቆየን። ከማሽኑ ቡና ቀዳን፤ ቀረፋ ዳቦ ለሁለት ተካፈልን፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ያህል ሰዓት ምንም ሳላስረዳ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ረዳቷ መጥታ ካልሲው መውጣቱን፣ ሊንጎን መንቃቷን፣ ገና ከመንቃቷም የሐኪሟን ጓንት ልትበላ መሞከሯን ነገረችን። ቱሬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እኔ መነጽሬን ወለወልኩ፤ የሚወለወል ነገር ግን አልነበረውም።)

ሂልዲንግ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ።

ቱሬ፦ ጠይቅ።

ሂልዲንግ፦ ይህን ሁሉ ወር፣ እራት በበላን ቁጥር ወረቀቶቼን ዘርግቼ ስቀመጥ ታየኝ ነበር። ሊንጎን ኢንሹራንስ እንዳላት እያወቅክ አንድ ቃል አልተነፈስክም።

ቱሬ፦ አልተነፈስኩም።

ሂልዲንግ፦ ለምን?

ቱሬ፦ ከዚያ በፊት ማታ ማታ የምታስረዳው እኔን ነበራ።