የዋጥኳት «ይላል»

እንደ አስተርጓሚ የሚታመን ሰው በዓለም ላይ የለም። ለምን እንደሚታመን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ምርጫ ስለሌለ ነው። ሥጋ ሻጩን ብትጠረጥሩት ሚዛኑን ታያላችሁ፤ ሐኪሙን ብትጠረጥሩት ሌላ ሐኪም ትፈልጋላችሁ። አስተርጓሚን ግን በምን ትመዝኑታላችሁ? ቋንቋውን ብታውቁት ኖሮ መጀመሪያውኑ አትጠሩትም ነበር። ይህን የምለው የሙያውን ክብር ለመንካት አይደለም። ባለሙያው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ከትምህርት ጋር የተለያየነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እኔ ነኝ የተውኩት ብል ደስ ይለኛል፤ የመምህሬን አስተያየት ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ሶዶ ላይ፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ቆሜ፣ ከገጠር የሚመጣውን ባለጉዳይ ወላይትኛ ወደ አማርኛ፣ የሹሙን አማርኛ ወደ ወላይትኛ እያገላበጥኩ መኖር ጀመርኩ። የሙያው ምስጢር አንዲት ቃል ናት፤ «ይላል» የምትባል። ባለጉዳዩ በወላይትኛ «ሰው መታሁ» ይላል፤ አንተ ለሹሙ «ሰው መታሁ፣ ይላል» ትላለህ። «ይላል»ን ከረሳሃት ፖሊሱ መጀመሪያ የሚይዘው አንተን ነው። ስለዚህ ይህችን ቃል እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃት ነበር። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

ኳስ ተጫዋችም ነበርኩ። ይህን ስል የሚስቁ ሰዎች ስላሉ ላብራራው። «የገበያ ልጆች» የሚባል ቡድን ነበረን፤ ከጎረቤት ከተሞቹ ከተበላና ከዲምቱ ልጆች ጋር፣ ከብት ተሽጦ ሜዳው ሲለቀቅልን የምንጫወት። እኔ የግራ ተከላካይ ተጠባባቂ ነኝ። ተጠባባቂ ማለት የሌሎቹን ልብስ የሚጠብቅ ማለት ነው። ገብቼ ኳስ ስመታ ወደ ፊት መሄዱን ትታ ወደ ደመናው ወደ ዳሞታ ተራራ ስለምትነሣ «ማንኪያ» ብለው አወጡልኝ። በሕይወቴ ያገባሁት ግብ አንድ ነው፤ እሱንም ተበላ ላይ፣ በገዛ በረኛችን በባሳ ላይ። ባሳ ይህን ውለታዬን እስከ ዛሬ አልረሳልኝም።

ቡድኑን ቡድን ያደረገው ጋሽ አንጁሎ ነው። ጋሽ አንጁሎ ገበያው ዳር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን የሚረግጥ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ ካንገቱ አይወርድም፤ ቃል ካፉ አይወጣም። ልጆቹ የጨርቅ ኳስ ሊሠሩ ቅዳጅ ሊለምኑት ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ኳሱን ራሱ ሰፍቶ ሰጣቸው። ሌላ ቀን አጨዋወታቸውን ለማየት ሜዳ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀረሁ አላለም። ያስተማራቸው በሚያውቀው ነገር ነው፤ «ኳሷ መርፌ ናት» ይላቸዋል፤ «ሁለቴ ወደ ፊት ውጉ፣ አንዴ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንዲህ የተሰፋ አይተረተርም»። እውነትም ሁለት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ሲመጡ የሚተረትራቸው ጠፋ። እኔም ከልብሱ ክምር አጠገብ ተቀምጬ በደንብ አይ ነበር። ማየት ደግሞ ማወቅ ይመስላል።

እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ የገበያ ልጆች የመንግሥት ሠራተኞችን ቡድን አራት ለባዶ አሸነፉ። ወንበር አስወጥተው ያዩ የነበሩ አንድ ቀኛዝማች፣ በአውራጃው የስፖርቱን ጉዳይ የያዙ፣ ብድግ ብለው ይህ ቡድን አውራጃውን ወክሎ ይርጋለም ሄዶ ይጫወታል አሉ። ቀጥለውም እነዚህን ልጆች ማን ነው ያሰለጠናቸው ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ አንጁሎ አየ። እሱም ሊመልስ አፉን ከፈተ። ማን ጥልቅ አለ? «እኔ ላስተርጉምልዎ ጌታዬ!» አልኩና መሐላቸው ገባሁ። ሥራዬ ነዋ!

ጥያቄውን በወላይትኛ አስተካክዬ ነገርኩት። ጋሽ አንጁሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቀኛዝማችን አየና በወላይትኛ አጠር አድርጎ፣ እኔ ነኝ ያሰለጠንኳቸው አለ። እኔም ወደ ቀኛዝማች ዞሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ያሰለጠንኳቸው እኔ ነኝ…» አልኩ።

«ይላል» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እምላለሁ ነበረች። ግን ቀኛዝማች ቀደሙኝ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ጎበዝ! ፊደል የቆጠረ ልጅ እንዲህ ነው የሚያኮራው!» አሉ። የቀኛዝማች እጅ ለስላሳ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ጨብጦኝ አያውቅም። አጫፋሪያቸውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ምን አደረግሁ? «ይላል»ን ዋጥኳት። ስትወርድ ጉሮሮዬን እንደ ዓሣ አጥንት ቧጠጠችኝ፤ ወረደች ግን።

ጋሽ አንጁሎ ምንም አላለም። አማርኛ አይሰማም፣ ምን ይላል? ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከልብስ ጠባቂነት በአንድ ጊዜ የአውራጃው ምርጥ ቡድን አሰልጣኝ! ታላላቅ ሰዎች ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ ይባላል፤ እኔ ደረጃው የት እንዳለ ሳላይ ነው ጣራው ላይ የተገኘሁት። ፊሽካ ተሰጠኝ። ልጆቹ ፊሽካውን ስነፋ ይቆማሉ፤ ቆመው ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደምል ይጠብቃሉ፤ እኔ ደግሞ ቀጥሎ የምለው ስለሌለኝ እንደገና እነፋለሁ። ባሳ፣ ማንኪያ ዛሬ ደግሞ ሾርባ ልታቀርብልን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሲጨንቀኝ ወደ በረንዳው ብቅ ብዬ ጋሽ አንጁሎን በወላይትኛ እጠይቀዋለሁ፤ ማን የት ይቁም፣ ባሳ ሲወጣ ማን ይሸፍነው። ከመኪናው ቀና ሳይል ይነግረኛል። ሄጄ «ታክቲክ» ብዬ እናገራለሁ። ይሄን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል፤ ያን ጊዜ ግን አልጋለም።

ቀኛዝማች፣ አሰልጣኝ በሸሚዝ ይርጋለም አይገባም ብለው ኮት እንዲሰፋልኝ አዘዙ። ማን ይስፋው? ሶዶ ላይ ኮት የሚያውቅ ማን አለ? ጋሽ አንጁሎ ትከሻዬን ለካ፣ ደረቴን ለካ፣ ክንዴን ለካ። ከዚያ ሜትሩን ባንገቴ አዞረው። አንገቴን ለምን እንደለካው ኮቱ ሲመጣም አልገባኝም። ኮቱ ግን ልክክ ያለ ነበር፤ አንዲት ክር አልጎደለበትም። ከፍቶ ቢሰፋልኝ ኖሮ ዛሬ ትንሽ እቀል ነበር።

የጉዞው ዕለት ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ገበያው አደባባይ ቆመ። ልጆቹ ከላይ፣ ቀኛዝማችና እኔ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና። ጋሽ አንጁሎ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ የተቀቀለ ቦይና ለልጆቹ በቅጠል ቋጥሮ መጣ። ቦይና ሌላው ጎደሬ የሚለው ነው። ቋጠሮውን ወደ ላይ አቀበላቸውና ወደ ጋቢናው መስኮት ጠጋ ብሎ በወላይትኛ እንዲህ አለኝ፤ ምንም አልፈልግም፣ ከላይ ከልጆቹ ጋር ቆሜ ልሂድ፤ በትልቅ ሜዳ ሲጫወቱ አንድ ጊዜ ልያቸው። ቀኛዝማች ደግሞ ከጎኔ ሆነው ሽማግሌው ምን ይላል አሉ።

ከላይ ቦታ ነበረ። ሦስት ሰው ይጨምር ነበር። ነገር ግን ጋሽ አንጁሎ ይርጋለም ከሄደ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ወደ ማን ነው የሚያዩት? ቀኛዝማችስ ያን ጊዜ ምን ይላሉ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዓይን እስኪርገበገብ ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለተንኮል ሲሆን አእምሮዬ ስድስተኛ ክፍል ላይ አይቆምም። «በሰላም ግቡ፣ መንገዱን ይባርክላችሁ፣ ይላል» አልኩ። አያችሁ? የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ተናግሬ «ይላል»ን ዋጥኩ። አሁን «ይላል»ን ተናግሬ እውነቱን ዋጥኩ። የመጀመሪያውን ድንገት ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ለሁለተኛው ጠበቃ የለኝም።

ጋሽ አንጁሎ ከመስኮቱ እጁን አነሣና «አሜን» አለ። አሜን በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ይርጋለም ላይ ዕረፍት ስንወጣ አንድ ለባዶ እየተመራን ነበር። ልጆቹ በላብ ተነክረው ዙሪያዬን ተቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም ኮቴን አስተካክዬ «በርቱ!» አልኳቸው። ሌላስ? አሉኝ። «በጣም በርቱ!» አልኩ። ባሳ መሬት መሬቱን እያየ፣ ጋሽ አንጁሎ ቢኖር ምን ይለን ነበር አለ። እኔም እንደ ጽሕፈት ቤቱ በር፣ እንደ ድሮዬ፣ «ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፤ ዛሬ እየቸኮላችሁ ነው ክሩ የሚበጠሰው፣ ይላል» አልኩ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። በአሰልጣኝነት ዘመኔ ከሰጠሁት ምክር የሠራው ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ትርጉም ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከይርጋለም ያመጣነው ዋንጫ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው። ቀኛዝማች ተናገሩና በተራዬ እኔ ልጆቹን እንዴት እንዳሰለጠንኩ እንድናገር አዘዙኝ፤ ያውም በአማርኛ፣ የመንግሥት በዓል ነውና። ሕዝቡ ግን አብዛኛው ወላይትኛ ብቻ ነው የሚሰማው። ማን ያስተርጉም? የሶዶ አስተርጓሚ ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ቆሟል። ቀኛዝማች ወዲያ ወዲህ አዩ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መሐል ሜትር ባንገቱ ያጠለቀ ሰው ወጣና፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እኔ ላስተርጉምልዎ ጌታዬ» አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልከራከራትም ነበር። ጋሽ አንጁሎ በጉብዝናው ዘመን የጦር ሰፈር ልብስ ሰፊ ሆኖ ዓመታት ከወታደር ጋር እንደኖረ ኋላ ነው የሰማሁት። አማርኛ አልችልም ብሎኝ አያውቅም። ጠይቄው አላውቅማ! ያን ቀን ሜዳው ላይ፣ ያን ቀን መስኮቱ ሥር፣ እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። «አሜን»ም ያለው ሰምቶ ነው።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አፌ ሌላ ስለማያውቅ እሱኑ ጀመርኩ። እነዚህን ልጆች ከአቧራ ያነሣሁ እኔ ነኝ አልኩ። ጋሽ አንጁሎ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ አንድም ቃል ሳያጎድል፣ በወላይትኛ ደገመውና በመጨረሻው «ያጌስ» አለ። ያጌስ ማለት «ይላል» ማለት ነው። በላቤ አሰለጠንኳቸው አልኩ። በላቤ አሰለጠንኳቸው፣ ያጌስ። ድካሜ ዛሬ ፍሬ አፈራ አልኩ፤ ድምፄ ወደ ሆዴ እየገባ ነው። ድካሜ ፍሬ አፈራ፣ ያጌስ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ አላሽሟጠጠም። ሙያ ማለት እንዲህ ነው። እኔ የዋጥኳትን ቃል ሰውዬው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ እያወጣ በሕዝብ ፊት ያስቀምጣታል። ሕዝቡ አልሳቀም። ጋሽ አንጁሎን ያውቀዋል፣ እኔንም ያውቀኛል፤ ዝም ብሎ ያየኛል። ባሳ ብቻ ወደ ጫማው አቀረቀረ፤ ለእኔ አፍሮልኝ።

አልቻልኩም። ኮቱ አነቀኝ። «ቀኛዝማች፣ ውሸቴን ነው! ያሰለጠናቸው እኔ አይደለሁም፤ ጋሽ አንጁሎ ነው!» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀልሎኝም አያውቅም። አሁን ይተረጉመዋል፣ ሕዝቡ ይጮሃል፣ እኔም እገላገላለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጋሽ አንጁሎ ወደ ሕዝቡ ዞረና በወላይትኛ፣ ልጁ ውሃ ጠማኝ ይላል፣ ሀታ አምጡለት አለ። ሀታ ውሃ ነው። አንዲት እናት ወዲያው በቅል ይዘው ብድግ አሉ። ቀኛዝማች በበኩላቸው የሰሙትን ሰምተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ትሕትናውን አያችሁ! ለሽማግሌ ክብር ሲሰጥ!» አሉና አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ሕዝቡም አጨበጨበ። አንድ ጊዜ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ሰው ልጣ?

ጋሽ አንጁሎ ቅሉን ተቀብሎ ራሱ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እኔ ሰው በአደባባይ ኮት አላስወልቅም፤ ነገ ወደ በረንዳዬ ና» አለኝ።

ቅሉን ወደ አፌ ሳነሣ ውሃው በኮቱ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ግን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ማፈሬን ለመደበቅ እንዳይመስላችሁ፤ በእውነት ጠምቶኝ ነበር፣ ይላል።