የሙሀመድኑር አውሮፕላን እሁድ ይነሳል

የማይሠራ ዕቃ የሚያስታምም ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አላየሁም። አንዱ ጋ በድንጋይ ላይ የቆመች ፊያት አለች፤ ሌላው ጋ ድምፁ ከጠፋ ልጆች ተወልደው የተዳሩበት ሬዲዮ አለ። ባለቤቱን «ለምን አትጥለውም?» ብትሉት የአባቱን ስም ያነሳችሁበት ያህል ይቆጣል። ዕቃው አልተበላሸማ! ትንሽ አርፎ ነው። የአገራችን ሰው ከዘመዱ ይኳረፋል፣ ከጎረቤቱ ይካሰሳል፤ ከአሮጌ ሞተር ግን አይለያይም።

ከሚሴ በዚህ በኩል ከማንም አታንስም። የእኛ ሰው የሚያስታምመው አውሮፕላን ነው።

አዎ፣ አውሮፕላን። ባለ አንድ ሞተር፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት፣ ከከተማው ጫፍ የጨፋ ሜዳ ከሚጀምርበት ላይ የቆመ። ባለቤቱ ክቡር ካፒቴን ሙሀመድኑር ጎረቤቴ ነው። ሥራው ወፍጮ ቤት ሲሆን ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን። በሕይወቱ ከፍ ብሎ የወጣው የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ሊመታ ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ ከዚያም የወረደው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

አውሮፕላኑ ወደ እኛ የመጣው ማሽላችንን ከግሪሳ ወፍ ሊያድን ነበር። መድኃኒት ሲረጭ ሞተሩ አስቸገረውና ሜዳው ላይ አረፈ፤ ክረምት ገባ፤ ጭቃው ያዘው፤ የላከው ድርጅትም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰና ንብረቱ በሐራጅ ወጣ። ሙሀመድኑር ሐራጁ ላይ የተገኘው ለሽንኩርት ማጠጫ የውሃ ፓምፕ ሊገዛ ነው። «ፓምፑ ከነተጓዳኝ ንብረቱ» ሲባል ተጓዳኙ ጎማ መስሎት እጁን አወጣ። ተጓዳኙ አውሮፕላኑ ነበር። ፓምፑ ሽንኩርቱ ሳይደርስ ተቃጠለ፤ ተጓዳኙ ግን ይኸው ዓመታት አለፉት።

አውሮፕላኑን እኛ ሁላችን «እሱ» ስንለው ሙሀመድኑር ግን «እሷ» ይላታል። መንገድ ላይ በኦሮምኛ «ፈያዳ?» ብለው ደህንነቱን ሲጠይቁት ስለ ራሱ የተጠየቀ አይመስለውም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ትንሽ ነገር ናት የቀረቻት» ይላል።

ያቺ ትንሽ ነገር ምን እንደሆነች ለማወቅ ያልቆፈርኩት ጉድጓድ የለም። አንድ ሰሞን ካንዴላ ናት ተባልኩ። ካንዴላው ከአዲስ አበባ መጣ። ከዚያ የቤንዚን ቱቦ ሆነች። ቱቦው ሲቀየር ደግሞ ባትሪ ሆነች። እኔ በበኩሌ የቀረቻት ትንሽ ነገር አየር ላይ መውጣት ብቻ ናት የሚል ግምት ነበረኝ፤ ጉርብትናችንን ስለምወድ አፌ ላይ አላወጣኋትም።

ክብካቤውን ብታዩ ግን ምላሳችሁ ይታሰራል። ሁልጊዜ ከጁምዓ በኋላ ፕሮፔለሩን በእጁ ያሽከረክራል፤ ዘይቱ እንደ ደም ካልተዘዋወረ ሞተሩ ይደርቃል ይላል። ክንፎቹን በሳሙና አጥቦ በሻሽ ያደርቃል። የጨፋ ንፋስ ሲነሳ በአህያ መጫኛ ከአራት ወገን ካስማ ላይ ያስራቸዋል። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ በየጊዜው ትንሽ መገፋት አለበት፤ እሱ ብቻውን ስለማይችል አላፊ አግዳሚውን ይይዛል። ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንኳ ሳይገፋ አያልፍም። ስንገፋው ስንመልሰው፣ ስንገፋው ስንመልሰው፣ ኮምቦልቻ የሚያደርስ መንገድ ሳናስኬደው አልቀረንም።

አንድ ጊዜ ድንቢጦች ሞተሩ ውስጥ ጎጆ ሠሩ። ወፍ ሊፈጅ የመጣ አውሮፕላን ወፍ አሳዳጊ ሆነ ማለት ነው። ካፒቴኑ ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ ማንም ሞተሩን እንዳይነካ ከለከለ። እኔም ከዚያ ሞተር የበረሩት እነሱ ብቻ ናቸው እያልኩ ከተማውን አሳቅኩ።

ሚስቱ ዘሊካ ግን አትስቅም። «እኔን ራስሽን አመመሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም፤ እሷ ዘንድ ሄዶ ግን ሲዳብሳት ይውላል» ትለኛለች። ይህን እያለች ለአውሮፕላኑ መሸፈኛ የሚሆን ሸራ ትሰፋለች።

«ቆይ ግን» አልኩት አንድ ቀን፤ ጉጉቴ ሊገድለኝ ደርሶ ነበር። «ለምን አትሸጠውም? የአሉሚኒየም ነጋዴዎች ስንቴ መጡ።»

«ድስት ሊያደርጓት እኮ ነው!»

«ቢያደርጉትስ?»

ክቡርነቱ ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ ሰው፣ ሰማይ ያየችን ነገር ምጣድ ላይ ጥደህ ሽሮ ልትሠራባት? አቦ ተወኝ» አለኝና ሻሹን አንስቶ ሄደ። ነገሩ ገብቶኛል ለማለት አልደፍርም፤ ግን ለጥቂት ቀን ድስት ባየሁ ቁጥር ቅር አለኝ።

እንዲህ እንዳለን፣ ባጃጅ ከተማችንን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ እንድሪስ የሚባል ባለሀብት ሜዳው ላይ ነዳጅ ማደያ ሊሠራ መጣ። ቦታው ሕጋዊ የእሱ ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። «እስከ እሁድ አንሳልኝ፤ ካልሆነ ሰዎቼ ቆራርጠው ይጭኑታል» አለው ሙሀመድኑርን። ጎማዎቹ የዚያ ዓመት ክረምት ጭቃ ውስጥ ከወትሮው ጠልቀው ሰምጠው፣ ጭቃውም ደርቆባቸው ስለነበር መግፋት ቀርቶ መነቅነቅ አልተቻለም። ካፒቴናችን ወፍጮ ቤቱን ዘጋ። እህል ተሸክመው የመጡ ሴቶች ተመለሱ። እሱ ክንፉ ሥር ተቀምጦ ሰላምታ እንኳ አልመለሰም፤ ያን ቀን መቀለዱ አስጠላኝ።

ታዲያ እንድሪስ ሜዳው ላይ ድንጋይና አሸዋ የከመሩ ሰዎች እንዲሰሙ ብሎ ሙስዐብ የሚባለውን ባለ ባጃጅ ቀጠረ። ሙስዐብ ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ የሚያስተዋውቅ ልጅ ነው። ረቡዕ ዕለት ጨፋ ሮቢት ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ «ሜዳው ላይ ንብረት ያላችሁ አንሱ! አውሮፕላኑም እሁድ ጠዋት ይነሳል!» እያለ ዞረ።

ይነሳል! አማርኛ አንዳንዴ እንዲህ ታደርጋለች። ዕቃም ከቦታው ይነሳል፤ ሞተርም ይነሳል፤ አውሮፕላንም ወደ ሰማይ ይነሳል። በአማርኛው የተጠራጠረ ሰው ቢኖር እንኳ ሙስዐብ ቀጥሎ በኦሮምኛ «ኒ ከአ!» ሲል ጥርጣሬው አበቃ። ብድግ ሊል ነው ማለት ነዋ። ግመል ሻጩ ለበሬ ሻጩ፣ በሬ ሻጩ ለደላላው ነገረ፤ ከምሳ በፊት ሸለቆው በሙሉ የሙሀመድኑር አውሮፕላን እሁድ እንደሚበር አወቀ።

እሁድ ጠዋት የብረት ቆራጮቹ መኪና ሜዳው ላይ ሲደርስ ማቆሚያ አጣ። ሰዉ በአይሱዙ፣ በአህያ፣ በእግሩ ጎርፏል። ከፊት የቆሙት ከጨፋ ሮቢት የመጡት እማማ አሻ ናቸው፤ በርበሬና ቋንጣ በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል።

«ይህ ለማን ነው፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ጅዳ ላለችው ልጄ። በዚያ በኩል ካለፈ ወርወር ያርግልኝ፣ አደራ።»



ሙሀመድኑር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መጣ። ሕዝቡን አየ፤ ቆራጮቹን አየ። «ያ ጀመዓ፣ መብረር አትበርም። ማን እንዲህ አላችሁ? ግን ድምጿን ሳላሰማችሁ አልሰጣትም» አለ። የወፍጮ ቤቱን ባትሪ ገጠመለት፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ገባ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ። የአይጥ ጎጆ ተፋ። ሁለተኛ አስነጠሰ። ከዚያ፣ ወላሂ እላችኋለሁ፣ አጓራ! አህዮች ፈረጠጡ፤ ኮፍያ በረረ፤ ሜዳው በሙሉ «ተነሳ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ከመጮኼም አልፎ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አቧራው ነው እንዳልል አቧራው ወደ ሌላ በኩል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ዝም አለ።

የቆራጮቹ አለቃ መጋዙን እያነሳ፣ «የተነሳው ሞተሩ ነው እንጂ አውሮፕላኑ መች ተነሳ?» አለ። በቃል ደረጃ ልክ ነው። ሰዉ አንገቱን ደፋ። ሙሀመድኑር ከመቀመጫው አልወረደም፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት ያያል።

ይሄኔ እማማ አሻ ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«እናንተስ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? የጎጆ ክዳን ስትሸከሙ ሞተር ነበራችሁ?»

እኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲቀይር የሣር ክዳኑን አያፈርስም። ጎረቤት ይሰበሰብና ክዳኑን እንዳለ ብድግ አድርጎ፣ ተሸክሞ ወስዶ፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ ይደፋለታል። ይህን የማያውቅ ትከሻ ሜዳው ላይ አልነበረም። ወንዱ ጀለቢያውን ሰብስቦ ታጠቀ። እንድሪስ ራሱ ጃኬቱን አውልቆ ጭራው ሥር ገባ። ሙሀመድኑር ሊወርድ ቢል ከልክለነው አስቀረነው። እኔ በግራ ክንፍ በኩል ነበርኩ።

«ቢስሚላህ! ሆ!»

ጭቃው ውጦት የከረመውን ጎማ እየተንቋቋ ለቀቀ። አውሮፕላኑ ተነሳ። መጀመሪያ እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ወገብ፣ ከዚያ ትከሻችን ላይ ወጣ፤ የሴቶቹ እልልታ ከበስተኋላችን ቀለጠ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁት። ከፍታ የሚፈራው ሰው ዓይኑን አልጨፈነም።

ጥቂት እንደሄድን መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። በእውነት መሪው ከምንም ጋር የተያያዘ አይመስለኝም፤ ግን መሪው ሲዞር ያየ ተሸካሚ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። ቀጥ ሲያደርገው ቀጥ አልን። ማሳው ዳር ጉድባ ስንደርስ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው፤ እኛም ክንዳችንን ዘርግተን ከፍ አድርገን አሻገርነው። ማንም ማንንም አላዘዘም።

እንዲህ እያልን ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ደረስን። በቀኝ በኩል የግቢው በር ተከፍቷል፤ ዘሊካ ሸራውን ይዛ ትጠብቃለች። ትከሻዬ ተልጧል፤ ላቡ ዓይኔን ይበላኛል።

ክቡር ካፒቴን ሙሀመድኑር መሪውን ወደ ግራ አዞረ። በግራ ያለው መስጊዱን ዞሮ፣ ገበያውን አልፎ የሚመለሰው ረጅሙ መንገድ ነው።

ከሁሉ ቀድሜ የዞርኩት እኔ ነኝ።